«ይገባል» ወይስ «ይገጥማል»?

ጋራዥ ውስጥ «አይዞዎት፣ ይገባል» ሲባሉ ትንሽ ይደንግጡ። መካኒኩ ያለው «ይገጥማል» አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ የሚሞላው በሞረድ፣ በመዶሻና በሲሊኮን ነው።

የቤተሰብ መጽሔት ላይ ሞተር ምን ይሠራል እንዳይሉኝ። ለልጆች ትምህርት ቤት የተቀመጠን ገንዘብ በአንድ ሳምንት ጠርጎ የሚወስድ ነገር ቢኖር ሁለተኛ ጊዜ የሚወርድ ሞተር ነው።

ከተማችንን የሞላውን ቪትዝ እንውሰድ። ሶማሌ ተራ ሄደው «የቪትዝ ካንዴላ» ሲሉ ሻጩ «የትኛው ቪትዝ?» ብሎ ካልጠየቀዎት ይጠርጥሩ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተመረተው የመጀመሪያው ቪትዝ፣ ባለ 1.0 ሊትሩ፣ አራት ሲሊንደር አለው። ከ2005 በኋላ የመጣው ባለ 1.0 ሊትር ደግሞ ሦስት ብቻ። ስሙ አንድ፣ ሊትሩ አንድ፣ ሞተሩ ሌላ! ስለዚህ ሊብሬዎን ይዘው ይሂዱ፤ የሞተር ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያሉት ፊደላትና አኃዞች የሞተሩን ዓይነት ይናገራሉ። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ ግን ከወረቀቱ ይልቅ ብረቱ ላይ የተመታውን ይመኑ።

በጣም የሚያናድደኝ የፋሻ ነገር ነው። ሲሊንደር ሲያረጅ ይሰፋና በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተንና ፋሻ ይገባለታል። ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው። ችግሩ ልኩ ከገበያ ሲጠፋ ትልቁን ፋሻ ገዝቶ ጫፎቹን በሞረድ አሳጥሮ ማስገባቱ ነው። በእርግጥ ይገባል። ግን ለሰፊ ሲሊንደር የተሠራ ክብ ጠባቡ ውስጥ ሲጨመቅ ክብነቱን ያጣል፤ ግድግዳውን እኩል አይነካም። ሞተሩ ይነሳል፣ ድምፁም ያምራል፣ እርስዎም አመስግነው ይከፍላሉ። ከጊዜ በኋላ ዘይት መጉደል ይጀምራል፣ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ይታያል። ያኔ መካኒኩ «ዘይቱ ነው» ይልዎታል።

ሲሊኮንም እንዲሁ ነው። ያልገጠመ ጓርኒሲዮን ላይ በብዛት ሲቀባ ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይወጣል፤ ተቆርጦ ሲወድቅ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ሊደፍን ይችላል።

ታዲያ የመኪናው ፋብሪካ ስም የሌለበት ዕቃ ሁሉ መጥፎ ነው? አይደለም። እንጀራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ስለ ካርቶን ትንሽ አውቃለሁ፤ «ኦሪጅናል» ብሎ ማተም ዕቃውን ከመሥራት እጅግ ይረክሳል። ዴንሶና አይሲን ለቶዮታ ራሱ ዕቃ የሚያቀርቡ ኩባንያዎች ናቸው፤ በራሳቸው ካርቶን የሚሸጡት እውነተኛ ዕቃ፣ ቶዮታ የሚል ካርቶን ካለበሰ አስመሳይ በብዙ ይሻላል።

ስለዚህ ከካርቶኑ ይልቅ አሮጌውን ዕቃ ይመኑ። መካኒኩ እንዳይጥለው አስቀድመው ይንገሩት፤ አዲሱን ከጎኑ አስቀምጠው ያስተያዩ። የካንዴላው ጥርስ ርዝመት እኩል ነው? ከረዘመ ፒስተኑ ሊመታው ይችላል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን የውሃ ቀዳዳዎቹ በቁጥርም በስፋትም አንድ ናቸው? አንዳንዱ ቀዳዳ ሆን ተብሎ የጠበበ ስለሆነ «ትንሽ እናስፋው» ለሚልዎት እሺ አይበሉ። ለዓይን የሚያስቸግረውን በካሊፐር ያስለኩ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ዕቃው ሳይገጠም ነው። ካልሆነ መመለስ ይቻል እንደሆነም ገንዘቡን ሳይከፍሉ ይጠይቁ፤ ዘይት የነካ ዕቃ መልሶ የሚቀበል ሻጭ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።