ጥናቱ በመደርደሪያ፣ ነቀዙ በጆንያ

ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር አድርጎ ጨነቅን የሚያልፈው መንገድ ቡአሂትን ተሻግሮ የጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ይገባል፡፡ ቱሪስቱ በዚህ መንገድ የሚወጣው ዋልያ ለማየት ነው፡፡ የእህል ነጋዴውን የሚያወጣው ግን ገብስ ነው፡፡ ጨነቅ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ ብርድ ነቀዝ እንደ ልቡ አይራባም፡፡ ያው ገብስ ተጭኖ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ዳባት፣ ከዚያም ወደ ጎንደር በወረደ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ነቀዙም ይነቃል፡፡ ደጋ ላይ ወራት የሚቆይ እህል ቆላ ሲደርስ በቶሎ ካልተሸጠ ዱቄት ይሆናል፡፡ የዋጋው ልዩነት የኪራይና የጉልበት ብቻ ሳይሆን የከፍታም ነው ማለት ነው፡፡

በንግዱ ዓለም ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ፡፡ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲዎች የሚያፈሰው ገንዘብ ለገበያው ምን አመጣለት? ደባርቅም ዛሬ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ያላት ከተማ በመሆኗ ጥያቄው እዚያም ይነሳል፡፡ በተለይ ቲዎሪቲካል ፊዚክስ የሚባለው ትምህርት ሲጠቀስ ፌዙ ይበረታል፡፡ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀመር ጽፎ መደምሰስ ለማን ይበጃል የሚሉ አሉ፡፡ ጥያቄው ተገቢ ነው፡፡ ተገቢ ያልሆነው ‹‹ዕውቀት ለራሱ ክቡር ነው›› ብሎ ማለፍ ነው፤ ሒሳብ የለመደ ነጋዴ በዚህ አይረካም፡፡ መልሱን ከራሱ መጋዘን ማግኘት ይችላል፡፡

እህል በረንዳ ‹‹ማዳበሪያ›› ብሎ የሚጠራውን ነጩን ከረጢት እንውሰድ፡፡ ስሙ ይዞት ከመጣው ዕቃ የተወሰደ ነው እንጂ ዕቃው ራሱ የተሸመነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፡፡ ይህን ፖሊመር ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1954 በቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ የእህል ነጋዴ ቃጫ ጆንያውን ይጥልበታል ብሎ የገመተ አልነበረም፡፡ ናታ ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር ጋር በ1963 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፡፡

ማዳበሪያው ግን ነቀዝን አያቆምም፤ አየር እንደ ልብ ያስገባልና፡፡ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ የአተር ዘመድ የሆነውን ሎቢያን ከነቀዝ ለማዳን ሲሠሩ አንድ ቀላል ነገር ይዘው ወጡ፡፡ ከውጭ ያው ማዳበሪያ ሆኖ ከውስጡ እያንዳንዳቸው 80 ማይክሮን የሚወፍሩ ሁለት የፖሊኤትሊን ላስቲኮች ይገቡበታል፤ አፋቸውም አጥብቆ ይታሰራል፡፡ መድኃኒት አይጨመርም፡፡ ነቀዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ራሱ ይጨርሳል፡፡ ከዚያ በኋላ መብላት ያቆማል፣ ከሚበላው ደረቅ እህል ውኃ የሚያመነጭበት መንገድም ይዘጋበታል፡፡ ደርቆ ይሞታል ማለት ነው፡፡ ይህ ከረጢት ኢትዮጵያም ገብቶ ይሸጣል፡፡

ላስቲኩ ለምን 80 ማይክሮን ሆነ? ፖሊመር ማለት እንደተጠላለፈ ክር ያለ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ የኦክስጅን ቅንጣት በክሮቹ መካከል እየተገፋች፣ እየተመለሰች፣ በመጨረሻ ታልፋለች፡፡ የመግፋቱ ሥራ የሙቀት ነው፡፡ ይህን የዘፈቀደ ጉዞ በቀመር ያስቀመጠው አንስታይን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1905፡፡ የሰንሰለቶቹን ጠባይ በሒሳብ ላስረዱት ለፖል ፍሎሪ በ1974፣ ለፈረንሳዊው ፒዬር ዢል ደ ዤን ደግሞ በ1991 ኖቤል ተሰጠ፡፡ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚሁ ቤተሰብ ሒሳብ ነው፡፡ ከተማሪያቸው ከመስፍን አስፋው ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት በሙቀት የምትገፋ አንዲት ቅንጣት እንዴት እንደ ጥቃቅን ሞተር ልትሠራ እንደምትችል የሚመረምር ነው፡፡ በደርግ ዘመን ለዓመታት የታሰሩት እኚሁ ምሁር በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበርን የሳካሮቭ ሽልማት ለሰብዓዊ መብት ባደረጉት ተጋድሎ አግኝተዋል፡፡ የአገር ቤት ገበያ ስማቸውን ብዙም አያውቀውም፤ ይህ የገበያው ጥፋት ብቻ አይደለም፡፡

የንግድ ጥናቱ ሲመጣ ነገሩ ለደላላው ይበልጥ ይቀርባል፡፡ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ሲያጠኑ መሐል ላይ ያገኙት ሰው ደላላ ነበር፡፡ ብዙዎች እንደ ጥገኛ የሚያዩት ይህ ሰው፣ በጥናቱ እንደታየው፣ ከሩቅ ከተማ እህል ለሚልክ ነጋዴ ገዢ ፈልጎ በማገናኘት የፍለጋ ወጪውን የሚያቀልለት ነው፡፡ ክፍያውም የዋጋ መቶኛ ሳይሆን በኩንታል የተቆረጠ ነበር፤ ስለዚህ ዋጋ በማናር የሚያገኘው ጥቅም አልነበረም፡፡ ደላላን በዚህ ያህል ያከበረ ጽሑፍ ገበያው ራሱ እንኳ አልጻፈም፡፡

ከዚያ ጥናት በኋላ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጣ፤ ሥራውን የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፡፡ እዚህ ላይ ሳይሸሸጉ መናገር ያስፈልጋል፡፡ ሐሳቡ የተወለደው ከእህል ነበር፤ ምርት ገበያው ግን የቆመው በቡናና በሰሊጥ ነው፡፡ የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ነጋዴ መጋዘኑንና ደረጃውን ያውቀዋል፣ የጃናሞራ ገብስ ግን ዛሬም በጆንያ፣ በዓይንና በመተማመን ነው የሚሸጠው፡፡ ጥናት ትክክል ሆኖ ውጤቱ ወደ ሌላ ሸቀጥ ሊሄድ ይችላል፡፡

ነቀዝ የማያስገባው ከረጢትም እንዲሁ ነው፡፡ ገበሬው በጥርና በየካቲት በርካሽ የሚሸጠው ነቀዝ ስለፈራ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ የቤተ ሙከራ ሰው ስሕተት ነው፡፡ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ ሠርግና ተዝካር አለበት፡፡ እህል ማቆየት በራሱ ገንዘብ ማሰር ነው፡፡ ማቆየት አደጋም አለው፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ በቤቱ እህል ያከማቸና አስቀድሞ የሸጠ ሰው ዕጣቸው አንድ አልነበረም፡፡ ከረጢቱ ይህን ሁሉ አይመልስም፤ የሚመልሰው የንግድ ጥናት ነው፣ እሱም በአገሩ ከፍታና በአገሩ ዱቤ ላይ የተሠራ ከሆነ፡፡ ለደጋው የደባርቅ ነጋዴ ብርዱ በነጻ የሚሠራለትን ሥራ በላስቲክ መግዛት ላያዋጣው ይችላል፤ ወደ ቆላው ለሚልከው ግን ያዋጣው ይሆናል፡፡ ድንበሩ የት ላይ ነው? ይህን መመለስ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሆን ይገባው ነበር፡፡

መነሻ አልጠፋም፡፡ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ ዳባት ላይ የምርምር ማዕከል አለው፤ በደጋና በቆላ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ የሚወለደውን፣ የሚሞተውን፣ አገር የሚቀይረውን ሲመዘግብ ኖሯል፡፡ ውጤቱ የሚታተመው በእንግሊዝኛ፣ በጤና መጽሔቶች ነው፡፡ ዳባት ላይ ወፍጮ ወይም መጋዘን ለመክፈት የሚያስብ ባለሀብት ሊያውቀው የሚፈልገውም ስንት ቤተሰብ እንዳለና ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው፡፡

አንድ ሌላ ሥራ ደግሞ አለ፡፡ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ ፌስታልን ለመገደብ የወሰደው መለኪያ 0.03 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው ሕግ ፌስታልን ከነጭራሹ ከልክሏል፡፡ የእህል ላስቲኩ 0.08 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፡፡ ይህን ልዩነት በጣት ዳስሶ የሚያውቅ ነጋዴ የለም፤ ስስ ላስቲክ በደህናው ስም ቢሸጥለት የሚያውቀው እህሉ ከተነቀዘ በኋላ ነው፡፡ መለኪያው ግን ውድ መሣሪያ አይደለም፡፡ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍሎች ለገበያተኛው አንድ ጠረጴዛ ቢያወጡ፣ በሌላ በኩል የንግድ ሥራ ተማሪዎቻቸው የመካነ ብርሃንንና የደባርቅን የገብስ ዋጋ በየሳምንቱ መዝግበው በአማርኛ ቢለጥፉ፣ ወጪውን የእህል ነጋዴዎቹ ራሳቸው አዋጥተው ቢሸፍኑት አይጎዱም፡፡ ከአንድ የተነቀዘ ጭነት ኪሳራ ይበልጣል ብሎ መከራከር ያስቸግራል፡፡