ሚዱን መልሱልን

«ቤዝ በደረት እንጂ በጆሮ አይሰማም።» ይህን የተናገረው ሰሞኑን አንድ ሠርግ ላይ ከሚክሰሩ ኋላ የተሰየመ ሳውንድ ማን ነው። ቤዚስቱ ከመድረክ «ድምፄ ታፈነ እኮ!» ሲለው የሎውን ቁልፍ ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፣ ሚዱን እስከ መጨረሻው ቀነሰ፣ ሃዩን ለአመል ያህል ነካ አደረገና ይህን ጥበቡን አካፈለን። ጆሮ ማዳመጫው ሌሊቱን ሙሉ ከአንገቱ አልወጣም። ለነገሩ በደረቱ ለሚሰማ ሰው ጆሮ ማዳመጫ ምን ያደርግለታል?

እሱን ብቻ ብናማው ግፍ ነው። ሎውን ሰቅሎ ሚድን መቅበር የከተማችን ሃይማኖት ሆኗል። ቤዚስቶቻችንም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ባለ አምስት ክር ቤዝ የገዛ ሁሉ ጥልቀትንም አብሮ የገዛ እየመሰለው፣ ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ያሳመረውን ድምፅ ይዞ መድረክ ይወጣል። ቤት ውስጥ ያ ድምፅ እውነትም ያምራል። ድራሙ፣ ኪቦርዱ፣ ሊድ ጊታሩና ሳክስፎኑ የገቡ ዕለት ግን የገባበት አይታወቅም። የሚቀረው ዳገት የያዘ ሲኖትራክ የመሰለ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ኮርዱ ይቀየር አይቀየር ዘፋኙም አያውቅ።

እስቲ ደረት ደረት የምትሉ ሁሉ አንድ ነገር መልሱልኝ። የባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የስልካችሁ ስፒከር 41 ኸርዝ ማውጣት ቀርቶ አጠገቡም አይደርስም። ታዲያ የድሮ ዘፈን በስልክ ስትሰሙ የቤዙን መስመር እንዴት አብራችሁ ታንጎራጉራላችሁ? ክሩ 41ን ብቻ ስለማያወጣ ነዋ! በላዩ 82፣ 124፣ 165 እያለ ሽቅብ የሚወጣ ድርብርብ ድምፅ አለው። አእምሯችን የላይኞቹን ሰምቶ የጎደለውን የታችኛውን ራሱ ይሞላል። ኖታው ከኖታ የሚለየው፣ ጣት ክሩን የለቀቀበት ቅጽበት የሚታወቀው ሽቅብ በወጣነው መጠን ነው፤ እስከ 1000 ኸርዝና ከዚያም በላይ። ያ ሰፈር ምን ይባላል? ሚድ። አዎ፣ ያ የቀበራችሁት።

ደግሞ ሎው በነፃ አይመጣም። 12 ዴሲቤል ጨመርክ ማለት ለዚያ ድምፅ አምፕሊፋየሩን 16 እጥፍ ያህል ኃይል ጠየቅኸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው አምፔግ ኤስቪቲ የቤዝ አምፕሊፋየር 300 ዋትና ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ይዞ የተነሳው ለትልልቅ የሮክ መድረክ ነው። የአዳራሹ ጥግ ላይ የተወሸቀችው ሞንታርቦ ስፒከር ያን ከየት ታምጣው? ትንተፋተፋለች፣ አለቀ። የ41 ኸርዝ ሞገድ ደግሞ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል። ጠባብ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ አንዱን ኖታ ያሳብጠዋል፣ ሌላውን ይውጠዋል። ግድግዳ ተደግፎ ሚክሰር የሚነካው ሰው ተራራ የሚያህል ቤዝ ሲሰማ፣ መሀል የተቀመጠው እድምተኛ ምንም ላይሰማ ይችላል። የማን ደረት ነው እንግዲህ መለኪያው?

ይህን ስል «ሬጌ አታውቅም» የሚለኝ አይጠፋም። ሬጌውንማ እናንተ ስሙት! የአስተን «ፋሚሊ ማን» ባሬት ቤዝ ወፍራም ነው፣ ሃዩ ተቆርጧል፤ ግን እያንዳንዱን ኖታ ለቅመህ ወረቀት ላይ ማስፈር ትችላለህ። ሃይ መቁረጥና ሚድ መቅበር ምንና ምን ናቸው? የሞታውኑ ጄምስ ጃመርሰን ከዲትሮይት ያን ሁሉ ዘፈን የተሸከመው በፕሪሲዥን ቤዝ፣ ለዓመታት ባልተቀየረ ለስላሳ ክርና በአንድ ጣት ነው። ሳብ ዉፈር ሲደረድርለት የነበረ ሰው የለም። ራቅ ከምንል፣ የዋሊያሱን መላከ ገብሬን፣ የሮሃውን ጆቫኒ ሪኮን ያስቀረልን ካሴት ነው። ካሴቱ አርጅቶ፣ ቴፑ አቃስቶ ቤዙ ግን ዛሬም ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

በችክችካ ላይ ነው ነገሩ ጨርሶ የሚበላሸው። ስድስት ለስምንቱ የሚያስጨፍረው ቤዙና ኪኩ እየተቀባበሉ ቦታ ሲለቃቀቁ ነው። የቤዙ ጉርምርምታ እስከሚቀጥለው ምት ከተጎተተ መቀባበል የሚባል ነገር የለም፤ ኪኩም ቤዙም አንድ ጭቃ ናቸው። ያ ሳያንስ ኪቦርዲስቱ ግራ እጁን እዚያው ጭቃ ውስጥ ይነክራል። ድሮ ብቻውን በአንድ ኪቦርድ ባንድ ሙሉ ሆኖ ሲሠራ የለመደበት ነው፤ አሁን ቤዚስት አጠገቡ መቆሙን የነገረው የለም መሰለኝ።

ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡት፣ ማንም አይናፍቀውም። 250 አካባቢ ካበጠ ቀነስ፣ ከ500 እስከ 800 ባለው ላይ ደግሞ ጨመር አድርጉ። ጃዝ ቤዝ የያዘ ሰው ሁለቱንም ፒካፕ እኩል ከከፈተ ሚዱን ራሱ ጊታሩ ይውጥበታል፤ አንዱን በጥቂቱ መለስ ማድረግ በቂ ነው። ይህ ድምፅ ብቻውን ሲሰማ አፍንጫ አፍንጫ ይላል፣ አያምርም። ስለዚህ ሳውንድ ቼክ ላይ ቤዚስቱን ለብቻው አስጩኾ ማስተካከል የሚባለውን ልማድ ተዉት፤ ቁልፍ የሚነካው ባንዱ ሁሉ እየተጫወተ ነው።

«ሰዉ ግን እንዲህ ነው የሚወደው» አለኝ ያ ባለ ደረት፣ ገመዱን እየጠቀለለ። ሰዉ የወደደው ዘፋኙን ነው፤ ቤዙን መቼ ሰምቶት?