ፍርድ ቤት ከተፈረደበት ሰው እጅ አይብላ

ፍርድ ቤቶቻችን ገንዘብ ያንሳቸዋል ሲባል ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ይኖራል ብለን አንገምትም። መዝገቡ ይከማቻል፤ ቀጠሮው ይረዝማል፤ ዳኛው ጥቂት፣ ባለጉዳዩ እልፍ ነው። ከጓደኞቻችን ጋር በማደሪያና በሻይ ቤት በዚህ ነገር ስንከራከር ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ሐሳብ አለ። ይኸውም፦ «ለፍርድ ቤት ሥራ ያበዛበት ወንጀለኛው ነው፤ እንግዲያው ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝ ከመቀጫው ሌላ ለችሎቱ ማስኬጃ ይክፈል፤ ንጹሑ ግብር ከፋይ ስለ ምን ይከፍላል?» የሚል ነው። ሐሳቡ ለጆሮ ይጥማል። እኛ ግን ከጉድለቱ የከፋ መድኃኒት ነው እንላለን። የሕግ ተማሪዎች አይደለንም፤ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ነን። ነገር ግን አገራችን ይህን መድኃኒት ቀድሞ ቀምሳዋለችና ስለ ጣዕሙ ለመመስከር ታሪክ ማወቅ ይበቃል።

በቀድሞው ዘመን ሹም በተሾመበት አገር ገዥም ዳኛም ነበር። ወርኀዊ ደመወዝ አያውቅም፤ የሚበላው ከአገሩ ነው፤ ከሚበላበትም አንዱ ችሎቱ ነበር። በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን የምናደንቀው የበላ ልበልሃ ሙግት ከጀርባው ውርርድ ነበረው። ተሟጋቾች ስለ ቃላቸው እውነት በማር፣ በበቅሎ፣ በብር ይወራረዳሉ፤ የተረታው ወገን የተወራረደበትን ለዳኛው ያገባል። ስለዚህ ሙግቱ በጦፈ ቁጥር ውርርዱ ይጨምራል፤ ውርርዱ በጨመረ ቁጥርም ዳኛው ይጠግባል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ዛሬ ስለ ጉቦ እንጠቅሰዋለን። ያን ጊዜ ግን መብላቱ ሥርዐት እንጂ ስርቆት አልነበረም። በዚያም ዘመን ቅን ዳኞች እንደ ነበሩ አንጠራጠርም፤ ዳሩ ግን ቅን ዳኛ እንኳ ሰዎች ታርቀው ሲሄዱ ራቱን የሚያጣበት ሥርዐት ነበር።

ይህን ያዩ ሰዎች ነገሩን ለመለወጥ ተነሡ። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ የአገር ግዛት ሹማምንት ደመወዛቸውን ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲቀበሉ ተደነገገ፤ በዚያው ዓመትም ስለ ፍርድ አስተዳደር በወጣው አዋጅ ፍርድ ቤቶች በየደረጃቸው ተቋቋሙ። የተጻፈው ሁሉ በአንድ ሌሊት በየወረዳው ተፈጸመ አንልም። ሆኖም መሠረቱ ተጣለ፤ ይኸውም የዳኛው እንጀራ ከፍርዱ ውጤት ተለየ። የዛሬው ሕገ መንግሥትም በ1987 ዓ.ም. ይህንኑ መንገድ ተከትሎ፣ በአንቀጽ 79፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን በጀት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አዘጋጅቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርብ፣ የክልል ፍርድ ቤቶችን በጀት ደግሞ የየክልሉ ምክር ቤት እንዲመድብ አዟል።

«ያ የድሮ ዘመን ነው፤ ዛሬ ደረሰኝና የሒሳብ ተቆጣጣሪ አለ» የሚለን ይኖራል። ደረሰኝም ተቆጣጣሪም ወደሞላባት ወደ አሜሪካ እንሻገር። በኦሃዮ ግዛት የአንዲት ትንሽ ከተማ ከንቲባ ዳኛም ነበርና መጠጥ ይዞ የተገኘውን ሰው 100 ዶላር ቀጣው፤ ከዚያም ፍርድ 12 ዶላር ለራሱ ደረሰው። ተከሳሹን በነጻ ቢለቅ ግን ምንም አያገኝም ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1927 ይህ ፍርድ አይደለም ብሎ ሻረው።

ገንዘቡ ወደ ዳኛው ኪስ ባይገባና ለከተማው ካዝና ቢሆንስ? የሚዙሪ ግዛት ከተማ ፈርጉሰን መልስ ትሰጠናለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ባወጣው ሪፖርት ከተማው ከመቀጫና ከፍርድ ቤት ክፍያ በ2010 ወደ 1.38 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቦ ነበር፤ ለ2015 በጀቱ ግን ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አቀደ። ልብ በሉ፤ ገና ያልተሠራ ጥፋት በበጀት ተያዘ! ከዚያ በኋላ ፖሊሱ ጥፋት ፈላጊ፣ ችሎቱም ዕዳ ሰብሳቢ ሆነ። በሚሺጋን ግዛት ደግሞ ፍርድ ቤቶች ከተፈረደባቸው ሰዎች የማስኬጃ ወጪ ይሰበስቡ ነበር። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን የሚፈቅድ ሕግ የለም ቢል፣ ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ ለጊዜው የተባለውም ሕግ ደጋግሞ ተራዘመ። በዚህ ገንዘብ መኖር የለመደ ፍርድ ቤት ማቆም ያቅተዋል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከእንጦጦና ከየካ ተራራ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል ወደ ኮተቤ የሚወርዱትን እናቶች ሁላችን እናውቃለን። ከእነርሱ አንዷ ከተከለለ ጫካ እንጨት ቆርጣለች ተብላ ተከሰሰች እንበል፤ ጥፋተኛም ሆና ተገኘች እንበል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዳኛው መቀጫ ሲወስን የጥፋቱን መጠን፣ የጥፋተኛውን ሀብትና ገቢ፣ የቤተ ሰቡንም ኀላፊነት እንዲመለከት ያዛል። መቀጫ «ምን ያህል አጠፋሽ? ምንስ ያህል ትችያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። የማስኬጃ ክፍያ ግን ሁለቱንም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው «ፍርድ ቤቱ ምን ያህል ጎደለው?» ብሎ ነው። የመዝገብ ቤቱ ጸሓፊ ደመወዝና የችሎቱ መብራት ከዚህች እናት ጥፋት ጋር ምን ዝምድና አላቸው? ሸክሟን ሸጣ ከምታገኘው ላይ ይህን ካልከፈለች፣ ባለመክፈሏ ሌላ ጥፋት ይጻፍባታል። ጠበቃ የሚያቆመው ባለጸጋ ግን ተከራክሮ በነጻ ይወጣና ለችሎቱ ሳንቲም ሳያዋጣ ወደ ቤቱ ይገባል። እንግዲህ ፍርድ ቤቱን የሚያኖረው ማን ሊሆን ነው? ከሁሉ ይልቅ ድኻው ነዋ!

«ንጹሑ ስለ ምን ይከፍላል?» ለሚለውም መልስ አለን። ፍርድ ቤት የወንጀለኛ አገልግሎት አይደለም። በሐሰት የተከሰሰው ነጻ የሚወጣበት፣ የተበደለው የሚካስበት፣ በችሎት ደጅ አልፎ የማያውቀውም በሰላም የሚያድርበት የጋራ ቤት ነው። የጋራ ቤት በጋራ መዋጮ ይጠገናል። በፍትሐ ብሔር ክርክር የዳኝነት ገንዘብ ይከፈል የለምን? የሚለን ቢኖር፣ ከሳሽ ወዶ ይመጣል፤ ዐቅም የሌለውም በደሃ ደንብ ይከስሳል እንላለን። የወንጀል ተከሳሽ ግን ተይዞ ነው የሚመጣው። እስኪፈረድበትም ድረስ ሕገ መንግሥቱ እንደ ንጹሕ ይቈጥረዋል። የሚከሰው፣ የሚፈርድበትና በመፈረዱ የሚጠቀመው አንድ መንግሥት ሲሆን ይህ ቃል ምን ዋጋ ይቀረዋል?

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። ፍርድ ቤቶች በቂ በጀት ያግኙ፤ በጀቱንም የሕዝብ ምክር ቤት በግልጽ ተከራክሮ ይመድበው። መቀጫ መቀጫ ሆኖ ይቅር፤ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይግባ እንጂ ለቀጣው ችሎት መተዳደሪያ አይሁን። እኛ ተማሪዎችም ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነውና በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ በየካ ምድብ ችሎት አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ፍርድ እንዴት እንደሚሰጥ እንይ። ያላየነውን ነገር በማደሪያ ክርክር ብቻ አናቃናውም።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይሉ ነበር። በቅሎው የሄደችበት ሰው የማይቆጨው ዳኛው በበቅሎዋ እንዳልተጠቀመ ሲያምን ነው። ዳኛው ራሱ በቅሎዋን ጭኖ ሲሄድ ያየ ሰው ግን በፍርድ ሄደች አይልም፤ ተቀማሁ ይላል እንጂ።