በዐይን የታየና በወሬ የተሰማ



በቀድሞ ዘመን የአውሮፓ ሠዓሊዎች በመጻሕፍትና በአብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ዝሆንን ደጋግመው ሥለዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ አውሬውን በዐይናቸው ስላላዩት ኩምቢውን የመለከት ቅርጽ ሰጡት፤ ጉልበቱም ከቶ አይታጠፍም ይባል ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1255 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሥ 9ኛው ሉዊ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለ3ኛው ሄንሪ አንድ ዝሆን በላከለት ጊዜ ማቴዎስ ፓሪስ የተባለ መነኩሴ ቀርቦ ተመለከተና የጉልበቱን መታጠፊያ ጭምር ሣለው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በትግራይ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን የጣራ ሳንቃ ላይ ከተቀረጹት አራዊት አንዱ ዝሆን ነው። ለዚህ አገር ሰው ዝሆን የሩቅ ወሬ አልነበረም። በ6ኛው መቶ ዓመት ከአዱሊስ ወደ አክሱም የተጓዘው የቢዛንታይን መልእክተኛ ኖኖሶስ 5,000 ያህል ዝሆኖች በአንድነት ተሰማርተው በመንገዱ ማየቱን ተርኳል።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ከዚያ መንገድ ዝሆን ጠፍቷል፤ የቦሌና የመገናኛ ልጆቻችንም እንደዚያ ዘመን አውሮፓውያን ዝሆንን የሚያውቁት በሥዕል ነው። ሆኖም ከሐረር ወዲያ፥ በ1962 ዓ.ም. በተከለለው በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ፥ ጥቂቶቹ እስካሁን አሉ።

ስለዚህ በገመድ ተስቦ ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ አባት ቀና ብሎ ጣራውን ይመልከት፤ ወደዚያ መውጣት ላልተፈቀደላቸው ለሚስቱና ለሴቶች ልጆቹም ያየውን አጥርቶ ይንገራቸው። የባቢሌውንም ዝሆን መጠበቅ የሁላችን ዕዳ መሆኑን ያስተምራቸው። እንስሳው ከምድራችን ከጠፋ የአባቶቻችን ቅርጽ ለልጆቻችን ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራልና።