ልጅ፥ ስልክና ትምህርት ቤት

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አጭር አሳቤን በአንባቢያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ብዙዎቹ ትምህርቱን በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ልጆቹ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ፤ ስልኩ ግን ከእጃቸው አልወጣም። ዛሬም እኛ የቢሮ ሠራተኞች ማታ ገብተን «ስልኩን አስቀምጥ» ስንል፥ ልጁ «መምህሬ የላኩት የቤት ሥራ አለ» ይለናል፤ መልስም የለንም። እንግዲህ በሩን የከፈተ ትምህርት ቤት በመጠበቁም ድርሻ አለው እላለሁ።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን ጸያፍ ሥራ ይቀጣል። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ልጁ ቁጣ ፈርቶ ከደበቀም ከቶ አይደርስም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ወላጆች ውጤት ለመቀበል በሚጠሩበት ቀን የኮምፒዩተር መምህሩ በየስልካችን ያሳየን፤ በቴሌግራም የልጁ ቁጥር ለማንም እንዳይታይ፥ የማያውቀውም ሰው ወደ ቡድን እንዳያስገባው መዝጋት ይቻላልና። ሁለተኛ፥ የትንንሾቹ የቤት ሥራ በወላጅ ስልክ ይላክ። ሦስተኛ፥ «ፎቶግራፍህን እበትናለሁ» ተብሎ ገንዘብ የተጠየቀ ልጅ፥ ሳይከፍልና መልእክቱን ሳይደመስስ የሚነግረው አንድ የታመነ መምህር ይመደብ። መምህሩም ለወላጅ ሲያስታውቅ ልጁ እንዳይመታ ቃል ያስገባ፤ የአስፈራሪው ዋና መሣሪያ የእኛው ቁጣ ነውና።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ