ፊርማው ከአዲስ አበባ፣ ማስረጃው ከመጋዘን፦ የተለማማጅ ምስክርነት

በሂሳብ ሙያ ትምህርት «ማስረጃ» የሚለውን ቃል ያህል ደጋግመን የምንሰማው ቃል ጥቂት ነው። ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ 500 ማስረጃ በቂና ተገቢ ሊሆን እንደሚገባው ይደነግጋል፤ እኛም ይህንኑ በፈተና ጽፈን ነጥብ እናገኛለን። ባለፈው ክረምት በአንድ የኦዲትና የአማካሪነት ድርጅት የክልል ቅርንጫፍ ለስምንት ሳምንታት በተለማማጅነት ስሠራ ግን ይህ ማስረጃ የሚባለው ነገር ከየት እንደሚነሣ ለማየት ቻልሁ። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከተለማማጅ እጅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሙግትም ከዚሁ ይጀምራል፦ ተለማማጅ በኦዲት ሥራ ውስጥ ምስክር ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግን ለምስክርነት አያዘጋጁትም፤ በምስክርነቱም አይመዝኑትም።

የድርጅቱንም ሆነ የደንበኛውን ስም አልጠቅስም። ምስጢር መጠበቅ የሙያው ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ ካስቀመጣቸው አምስት መሠረታዊ መርሆች አንዱ ነው። ሌሎቹ ታማኝነት፣ ሚዛናዊነት፣ ሙያዊ ብቃትና ጥንቃቄ፣ እንዲሁም ሙያዊ ጠባይ ናቸው። እኔን የፈተነኝ ከሁሉ ፊት የተጻፈው ታማኝነት ነበር።

የክረምቱ ጥድፊያ

በአገራችን አብዛኛው ድርጅት ሂሳቡን የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን ነው። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ የግብር ማስታወቂያውን የግብር ዓመቱ ካለቀ በኋላ ባሉት አራት ወራት ውስጥ እንዲያቀርብ ያዛል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ለኦዲት ድርጅቶች የጥድፊያ ወራት ነው። ተማሪዎች ለልምምድ የሚሰማሩትም በዚሁ ወቅት በመሆኑ፣ ሥራው ከሠራተኛው በሚበዛበት ሰዓት ተለማማጅ ይደርሳል ማለት ነው።

በክልል ቅርንጫፍ ጥድፊያው የተለየ መልክ አለው። የኦዲት ሪፖርቱን የሚፈርሙት አጋር የሚሠሩት አዲስ አበባ ነው። ፋብሪካው፣ መጋዘኑና በእጅ የተጻፈው የገቢና የወጪ ደረሰኝ ደግሞ የሚገኙት ክልል ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚያገናኘው የሥራ ወረቀት ነው፤ ያን ወረቀት ለመሙላት ከቢሮ የሚላከውም አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ ያነሰ ልምድ ያለው ሰው ነው።

የቆጠራው ቀን

በሁለተኛው ሳምንት ወደ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ተላክሁ። ሥራዬ በመጋዘኑ ያለውን የስንዴ ክምችት ቆጠራ መከታተል ነበር። ቆጠራው የተካሄደው በሐምሌ ስለነበር፣ በመካከሉ የገባውንና የወጣውን ስንዴ ደምሮና ቀንሶ ወደ ሰኔ 30 ቀሪ ሂሳብ መመለስ ያስፈልጋል። ይህ አሠራር በኦዲት ደረጃ 501 የተፈቀደ ነው። አብሮኝ ሊሄድ የነበረው ኦዲተር ግን በሌላ ደንበኛ ሥራ ተይዞ ቀረ፤ ብቻዬን ሄድሁ።

መጋዘኑ ውስጥ አሥራ አንድ ክምር ነበር። አራቱን ከፋብሪካው ቆጣሪዎች ጋር ቆጠርሁ፤ በርዝመት፣ በወርድና በቁመት ያሉትን ጆንያዎች አባዝተን ከቢን ካርዱ ጋር አመሳከርን። የቀሩት ሰባቱ ከግድግዳው ተጠግተው፣ በመካከላቸው ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ሳይኖር የተደረደሩ ነበሩ። ከላይ ሳይወጡ ውስጣቸው ሙሉ ይሁን ባዶ ማወቅ አይቻልም። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት የመጋዘኑ ኃላፊ «ልጄ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ፈርሚና ሂጂ፤ ቁጥሩ እንደሆን ካርዱ ላይ አለ» አሉኝ። በክፋት አልነበረም፤ ስለ መንገዱ አስበው ነው።

ቢሮ ስደርስ ያለፈውን ዓመት የሥራ ወረቀት አወጣሁ። «የክምችቱን ቆጠራ በአካል ተገኝተን ተመልክተናል፤ ልዩነት አልተገኘም» ይላል። ሲኒየር ኦዲተሩን ምን ልጻፍ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ከሌላ ፋይል ቀና ሳይሉ «ያለፈውን ዓመት ተከተዪ» አሉኝ። እኔም ተከተልሁ። አራት አይቼ ስለ አሥራ አንድ መሰከርሁ፤ ስሜንና ቀኑን ጻፍሁ።

ይህን ስህተት በሌላ ሰው ላይ መጣል ቀላል ነው። ነገር ግን የኦዲት ደረጃ 230 ሥራውን የሠራው ሰው ማንነትና ቀኑ እንዲመዘገብ የሚያዝበት ምክንያት አለ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእኔ ነበር።

በማግሥቱ ጧት ለሲኒየሩ የሆነውን ነገርኋቸው። ተቆጡ፤ ቁጣቸው ግን በመናገሬ ሳይሆን ብቻዬን መሄዴን ባለማወቃቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ አብረን ተመለስን። ክምሮቹ ላይ ወጥተን ስንቆጥር ቁጥሩ ከካርዱ ጋር ገጠመ፤ የመጋዘኑ ኃላፊ እውነታቸውን ነበር። ነገር ግን ከግድግዳው ጋር የተጠጉት ሁለት ክምሮች የታችኛው ረድፍ ርሶ ሻግቷል። ቆርቆሮው ያፈስሳል። ከመቼ ጀምሮ ብለን ስንጠይቅ ኃላፊው «ከበልጉ ዝናብ ጀምሮ አመልክቻለሁ፤ የጠየቀኝ ግን የለም» አሉ።

ይህች መልስ የሂሳብ ጥያቄ ናት። የሂሳብ ደረጃ 2 ክምችት በዋጋውና ሊሸጥበት በሚችለው የተጣራ ዋጋ መካከል ባነሰው እንዲመዘገብ ያዛል። ጉዳቱ ከሰኔ 30 በፊት የደረሰ ከሆነ በተዘጋው ዓመት ሂሳብ ውስጥ መታየት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ደግሞ የሂሳብ ደረጃ 10 የሚመለከተው ሌላ ጉዳይ ይሆናል። የኦዲት ደረጃ 501ም ኦዲተሩ ስለ ክምችቱ መኖር ብቻ ሳይሆን ስላለበት ሁኔታም ማስረጃ እንዲያገኝ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ወረቀቴ ስለ ቁጥሩ በአጋጣሚ እውነት ሆኖ ስለ ዋጋው ግን ሐሰት ነበር። አዲስ አበባ ያሉት ፈራሚ ይህን ከወረቀቱ ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም።

«ኃላፊነቱ የአለቆች ነው» ለሚሉ

ይህን ለጓደኞቼ ስነግር የማገኘው መልስ ተለማማጅ ተጠያቂ አይደለም የሚል ነው። በሕግና በደረጃ ረገድ ልክ ናቸው፤ የኦዲት ደረጃ 220 ሥራውን የመምራት፣ የመቆጣጠርና የመገምገም ኃላፊነትን በሥራው አጋር ላይ ይጥላል። ነገር ግን ገምጋሚ የሚገመግመው የተጻፈውን ነው። ያልታየው ነገር እንዳልታየ ካልተጻፈ፣ ከላይ ያለው የግምገማ ደረጃ ቢበዛም አያገኘውም። ኃላፊነት ከላይ ቢሆንም ዕውቀት ከታች ነው።

አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን ወደ አገራችን ካስገባ ወዲህ፣ የምርምር ትኩረታችን ያረፈው በአመዛኙ በደረጃዎቹ አተገባበር፣ በሥልጠናና በወጪ ላይ ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ሆኖም ደረጃው የቱንም ያህል የላቀ ቢሆን የሚቆመው አንድ ሰው መጋዘን ገብቶ ባየው ነገር ላይ ነው።

ምን ቢደረግ?

አንደኛ፣ ተማሪ ወደ ልምምድ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሙሉ ቆጠራ ያካሂድ። ለዚህ ፋብሪካ አያስፈልግም፤ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ክፍል ይበቃል። ቆጥሮ የሥራ ወረቀት ይጻፍ፤ ሌላ ተማሪ ያንን ወረቀት ብቻ ይዞ ሥራውን ይድገመው። ወረቀቱ የት እንደሚጎድል ያን ጊዜ ይታያል።

ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ከተቀባዩ ድርጅት ጋር የሚፈራረመው ደብዳቤ ተማሪው ብቻውን ማስረጃ እንዳይሰበስብ፣ ያላየውንም «አላየሁም» ብሎ እንዲጽፍ በግልጽ ይናገር። ይህ ድርጅቶችን የሚያሸሽ ግዴታ አይደለም፤ ለሚፈርሙት አጋር ጥበቃ ነው።

ሦስተኛ፣ የመመዘኛ ቅጹ ይለወጥ። የእኔ ቅጽ ስለ ሰዓት አክባሪነት፣ ስለ ትብብርና ሥራን በጊዜው ስለ ማጠናቀቅ ይጠይቃል። በዚህ ሚዛን ከታየ ከሁሉ የተሻለው ቀኔ የሐሰት ወረቀቱን የጻፍሁበት ቀን ነው፤ በሰዓቱ ተገኝቻለሁ፣ ተባብሬአለሁ፣ ሥራውንም ቀኑ ሳያልፍ ጨርሻለሁ። ወረቀቱን ያረምሁበት ቀን ግን ሲኒየሩን ከሌላ ሥራ ያስተጓጎልሁበትና አንድ ደንበኛ ያዘገየሁበት ቀን ነው። «ተማሪው ያየውንና ያላየውን ለይቶ መዝግቧልን?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብትጨመር ይህ ሚዛን ይቃናል።

በመጨረሻም ለተመራማሪ ጓደኞቼ አንድ ሐሳብ አለኝ። በክልል ቅርንጫፎች የሚዘጋጅ የሥራ ወረቀት እንዴት እንደሚጻፍ፣ ከዓመት ዓመት ምን ያህሉ ሳይለወጥ እንደሚገለበጥ፣ በማንና እንዴት እንደሚገመገም ማጥናት ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርእስ ነው። ድርጅቶቹ ምስጢር ጠብቀው በር ቢከፍቱልን ከመጠይቅ የማይገኝ ዕውቀት እናገኛለን። ያን ስንዴ የያዙት አረጋዊ ስለ ጣሪያው ያመለከቱት ገና በበልጉ ነበር፤ ኦዲቱ የደረሰበት ግን አንድ ሰው መልሶ ስለ ሄደና ስለ ጠየቃቸው ነው።