ተፈጥሮን እንወቅ፦ በባሕር ሥር ፍል ውሃ ዳር የሚኖር እንስሳ

ባለፈው ሳምንት ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ ተነጋግረን ነበር። ፀሐይ ከሌለች ሣር የለም፤ ሣር ከሌለ በሬ የለም ብለናል። ዛሬ ደግሞ ምግቡ ከፀሐይ የማይጀምር አንድ እንስሳ እናስተዋውቃችሁ።

ስሙ ሽሪምፕ ይባላል። በወንዝ ዳር የምናየው ሸርጣን ዘመዱ ነው። አጥንት የለውም፤ ገላውን የሚሸፍነው ጠንካራ ቅርፊት ነው። ርዝመቱ 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አንዱ መኖሪያው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል፣ 3 ሺህ 600 ሜትር ያህል ወደ ታች ነው። የፀሐይ ብርሃን እዚያ አይደርስም። ውሃውም በረዶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው።

እዚያ ግን ፍል ውሃ አለ። የባሕር ውሃ በመሬት ስንጥቅ ይሰርጋል። ከሥር ካለው የጋለ ዐለት ደርሶ እንደ ጥቁር ጭስ እየተግተለተለ ይወጣል። ሙቀቱ ከ350 ዲግሪ በላይ ነው። በድስት የምንጥደው ውሃ እኮ በ100 ዲግሪ ገደማ ይፈላል! የባሕሩ የማይንተከተከው ከላይ ያለው ውሃ ክብደት ስለሚጫነው ነው። ሰዎች ወርደው የባሕር ወለል ፍል ውሃ በዓይናቸው ያዩት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977 በፓሲፊክ ውቅያኖስ ነው።

ታዲያ ሽሪምፑ ምን ይበላል? ሣር የለ፣ ቅጠል የለ። ከፍል ውሃው ጋር ድኝ ያለበት፣ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል። ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነገሮች ከዚህ ጋዝ ጉልበት አግኝተው ምግብ ይሠራሉ። ሽሪምፑም ከራሱ ቅርፊት ሥር ባለ ክፍተት ውስጥ ያረባቸዋል። ማሳው ገላው ነው ማለት ነው። ለሰው መርዝ የሆነው ጋዝ ለእርሱ እንጀራው ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከፍል ውሃው ከራቀ ባክቴሪያዎቹ ጋዝ ያጣሉ፤ እርሱም ይራባል። በጣም ከተጠጋ ደግሞ ይቀቀላል። ስለዚህ በሚያቃጥለውና በቀዝቃዛው ውሃ መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ይርመሰመሳል። በአንድ ካሬ ሜትር ከ2 ሺህ በላይ ሆነው ይታያሉ።

በጨለማ ውስጥ የሚያቃጥለውን እንዴት ይለያል? ያደገ ሽሪምፕ እንደ ዘመዶቹ ያለ ዓይን የለውም። በ1986 ስም ያወጡለት ሊቃውንትም «ዓይን የለሽ» አሉት። በ1989 ግን ጀርባው ላይ ብርሃን የሚቀበል ነገር እንዳለው ታወቀ። በጣም የጋለ ነገር እንደ ፍም ያበራል። ፍል ውሃውም ብርሃን አለው፤ ነገር ግን እጅግ ደካማ ስለሆነ የሰው ዓይን አያየውም። ሽሪምፑ በዚህ ብርሃን ራሱን ከቃጠሎ ይጠብቅ ይሆናል ብለው ሊቃውንት ይገምታሉ።

እስቲ እንጠይቃችሁ፦ ሽሪምፑ ከፍል ውሃው ለምን አይርቅም? ለምንስ በጣም አይጠጋም? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉና ከጎረቤታችሁ ጋር አስተያዩት።